ያለፈው ዘመን ሰው ገዢውን በምን ዓይን ያየው እንደነበር እንዴት ይጠናል?

አንድ ንጉሥ ምን እንደሠራ ማጥናትና የዘመኑ ሰዎች ያን ንጉሥ በምን ዓይን ያዩት እንደነበር ማጥናት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው በአዋጅ፣ በደብዳቤና በዘመቻ ታሪክ ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው ግን ዓይናችንን ከዙፋኑ ላይ አንሥተን ወደ ተናጋሪው እንድናዞር ያስገድደናል፤ ስለ ገዢ የተነገረ ቃል ሁሉ፣ ውዳሴም ይሁን እርግማን፣ ከገዢው አስቀድሞ የተናገረውን ሰው፣ የቆመበትን ቦታና የፈራውን ነገር ያሳያልና። ይህ ልዩነት ባለመጠበቁ የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል የሕዝብ ድምፅ ተደርጎ ሲጠቀስ፣ የለቅሶ ግጥም እንደ ዘገባ ሲቆጠር፣ ተረትና ምሳሌም ያለ ዘመኑ ሲመዘዝ በመመረቂያ ጽሑፎችም ሆነ በየአካባቢው ታሪክ ላይ በሚጻፉ መጻሕፍት ውስጥ በብዛት አያለሁ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምንጮቻችን ሀብታሞች ሆነው ሳለ የሚያደኸያቸው አነባበባችን ነውና።

ይህ መመሪያ የተጻፈው የአገሩን፣ የአውራጃውን ወይም የቤተሰቡን ታሪክ ለመጻፍ ለተነሣ ሰው ነው። ለልምምድ እንዲሆነን አፄ ቴዎድሮስን ይዘን እንሄዳለን። በ13 ዓመት የንግሥና ዘመን ውስጥ የእርሳቸውን ያህል በተቃራኒ ዓይኖች የታየ ገዢ ጥቂት ነው፤ ስለ እርሳቸው የተጻፈውና የተነገረውም ብዙ ስለሆነ አንዱን ምንጭ በሌላው ለመፈተን ያመቻል።

ጥያቄውን ማጥበብ

«ሕዝቡ ንጉሡን ይወድ ነበር ወይስ ይጠላ ነበር?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ ስለዚህ በእርሱ አይጀምሩ። የትኛው ሕዝብ? የጎንደር ካህን ነው፣ የወሎ ባላባት ነው፣ ወታደር ቤቱ ያደረበት ገበሬ ነው ወይስ ራሱ ወታደሩ? መቼስ ነው? በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው በነገሡበት ወር የነበረው ስሜት ጎንደር በተቃጠለችበት በ1859 ዓ.ም. ከነበረው ጋር አንድ ሊሆን አይችልም። ከዘመነ መሳፍንት መከራ የወጣ ሰው መንገድ ሰላም ሲሆን የተናገረውን ቃል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከተዘረፈበት ሰው ቃል ጋር ደምሮ አማካይ ማውጣት የሁለቱንም ድምፅ ማጥፋት ነው። እንግዲህ ጥያቄዎን በሦስት ገደቦች ያጥሩት፦ እነማን፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ቦታ።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ገና ከመነሻው ያስተካክሉ። የመቅደላ ፍጻሜ በእኛ አቆጣጠር 1860፣ በአውሮፓውያን 1868 ነው፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሚሆን፣ ወሩን ሳያዩ ዓመቱን ብቻ የቀየረ ሰው አንድን ቃል ከክስተቱ በፊት የተነገረ ሊያስመስለው ይችላል። በዚህ ሥራ ውስጥ «ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» የሚለው ጥያቄ የሁሉም ነገር መሠረት ነው።

ገዢው ስለ ራሱ ያለውን እንደ ሙግት ማንበብ

ቀጥሎ ገዢው ስለ ራሱ ያስነገረውን ይሰብስቡ፦ ማኅተም፣ የማዕረግ ስም፣ ሳንቲም፣ ደብዳቤ፣ የፈረስ ስም። እነዚህን የሚያነቡት ግን ሰው እንዴት ያየው እንደነበር ለማወቅ ሳይሆን፣ እንዴት እንዲታይ ይፈልግ እንደነበር ለማወቅ ነው። አንድ ገዢ ደጋግሞ የሚናገረው ነገር ብዙውን ጊዜ ጥርጣሬ ያለበትን ቦታ ያመለክታል።

ከሩቁ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአክሱም ነገሥታት ክርስትናን ከተቀበሉ በኋላ፣ ከ4ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ፣ በአንዳንድ የመዳብ ሳንቲሞቻቸው ላይ በግሪክ ፊደል «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል አስቀርጸዋል። በወርቁ ሳንቲም ላይ የንጉሡ ምስል በሁለት የእህል ዛላ ታቅፎ ይታያል። ወርቁ በአብዛኛው ለውጭ ንግድ፣ መዳቡ ለአገር ውስጥ ገበያ ያገለግል እንደነበር ስናስታውስ፣ «አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚለው ቃል የተጻፈው በተራ ሰው እጅ በሚገባው ሳንቲም ላይ መሆኑን እናስተውላለን። ከዚህ በፊት የነበረው ንጉሥ በድንጋይ ጽሑፉ ላይ ራሱን የማይሸነፈው አምላክ የማሕረም ልጅ እያለ ይጠራ ነበር። የአምላክ ልጅ ነኝ ከማለት አገሩን ደስ ያሰኝ እስከ ማለት ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ይህ ሕዝቡ ደስ መሰኘቱን አያረጋግጥም፤ የሕዝቡ ደስታ ንጉሡን የሚያሳስብ ነገር እንደነበር ግን በማያሻማ መንገድ ያሳያል።

አሁን ወደ ቴዎድሮስ እንመለስ። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በላኩት ደብዳቤ ውስጥ እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ እንዳነገሣቸው ይናገራሉ። ይህ ቃል ብቻውን ሲነበብ የተለመደ የትሕትና አነጋገር ይመስላል። በዘመኑ ጠላቶቻቸው ሲሰድቧቸው ምን ይሉ እንደነበር ሲያውቁ ግን መልኩ ይለወጣል፤ ስድቡ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚል ነበር። ኮሶ ሽያጭ የድሃ ሴት ሥራ ነው፤ የሰሎሞን ዘር ነን በሚሉ መኳንንት ዘንድ ይህ ቃል «ዙፋን ላይ ምን አወጣህ?» እንደ ማለት ነበር። «ከትቢያ አነሣኝ» የሚለው አነጋገር እንግዲህ መልስ ነው፦ ዝቅታውን አልክድም፤ ያነሣኝ ግን እግዚአብሔር ነው። ስድቡን ሳያገኙ መልሱን ቢያነቡት ኖሮ ግማሹ ያመልጥዎት ነበር። ስለዚህ የገዢውን ቃል ሲያነቡ ሁልጊዜ «ይህ የማን ንግግር መልስ ነው?» ብለው ይጠይቁ።

የስሙም ነገር እንዲሁ ነው። ካሣ ኃይሉ «ቴዎድሮስ» የሚለውን የንግሥና ስም የመረጡት ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው የትንቢት መጽሐፍ ላይ የመከራ ዘመን ካለፈ በኋላ በዚህ ስም የሚጠራ ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይነገር ስለነበረ ነው። ስሙ ተስፋውን ከሕዝቡ አፍ ወስዶ ዙፋን ላይ አስቀመጠው፤ ሰዎች ኋላ የደረሰባቸው ምሬትም የተለካው በዚያው ተስፋ መጠን ይመስለኛል።

ዜና መዋዕሉን ከጸሐፊው ጋር ማንበብ

ስለ ቴዎድሮስ ሦስት ዜና መዋዕሎች በአማርኛ ተጽፈዋል፤ ከዚያ በፊት የነገሥታት ታሪክ ይጻፍ የነበረው በግእዝ ስለነበር ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የደብተራ ዘነብ ታሪክ ንጉሡ በሕይወትና በሥልጣን ላይ ሳሉ የተጻፈ፣ ለእርሳቸው የቀረበ ነው። የአለቃ ወልደ ማርያም ግን ንጉሡ ከሞቱ ከዓመታት በኋላ የተጻፈና ጭካኔያቸውን አጥብቆ የሚነቅፍ ነው። የሦስተኛው ጸሐፊ ስም አይታወቅም። «የትኛው ትክክል ነው?» ብሎ መፍረድ ያጓጓል፤ እኔ ግን ፍርዱን አቆይተው አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ እንዲከፍሉ እመክራለሁ። አንድ ክስተት ይምረጡ። በመጀመሪያው ዓምድ ጸሐፊው የተናገረውን፣ በሁለተኛው ያለፈውን ወይም ያሳጠረውን፣ በሦስተኛው ይህን ሲጽፍ ማን ሊቀጣው ወይም ሊሸልመው ይችል እንደነበር ይመዝግቡ። ይህን በአምስት ስድስት ክስተቶች ላይ ካደረጉ በኋላ የጸሐፊው ዓይን ይለይልዎታል። ለወዳጁ ጸሐፊ የሚቀርበው ጥያቄ ለነቃፊውም መቅረብ አለበት፤ ሙትን መንቀፍም የራሱ ዋጋና የራሱ ጥቅም አለውና።

የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ይህን በጉልህ ያሳያል። በ1901 ዓ.ም. በሮም ባሳተመው የአፄ ምኒልክ ታሪክ ቴዎድሮስን እጅግ አጥቁሮ ይስላቸዋል፤ ምኒልክ ይበልጥ እንዲያበሩ ነው። ጥቂት ቆይቶ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይህን አድሏዊነት በጽሑፍ ነቅፏል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው፣ የታሪክ ጸሐፊ ያለፈውን ንጉሥ በነገሠው ንጉሥ ዓይን ማየት የለበትም የሚል ሙግት በእኛው ቋንቋ ከመቶ ዓመት በፊት መነሣቱን ያያል።

የውጭ ሰዎችን ጽሑፍ በዚሁ መንገድ ይያዙት። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን በንግሥናቸው መጀመሪያ የጻፈው ስለ አንድ ታታሪና ፍትሕ ወዳድ ንጉሥ ነው፤ በኋላ በመቅደላ ታስረው የነበሩት ሐኪሙ ብላንክና መልእክተኛው ራሳም የጻፉት ደግሞ እስረኛ ስለ አሳሪው የሚጽፈውን ነው። የሁለቱ ልዩነት የጸሐፊዎቹ ብቻ ሳይሆን የዓመታቱም ነው። እነዚህ መጻሕፍት ስለ አገሬው ሰው ስሜት ሲናገሩ «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» የሚለው ሐረግ ላይ ቆም ይበሉ፤ ጸሐፊው የሰማው ከአስተርጓሚው፣ ከጠባቂው ወይም ከአገልጋዩ ሊሆን ይችላል።

ቃል ግጥምን መስማትና መመዝገብ

ወደ ሕዝቡ ስሜት ይበልጥ የሚያቀርበን፣ የበለጠ ጥንቃቄም የሚፈልገው ምንጭ በቃል የሚወርደው ነው። በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግሥት፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲገባ ንጉሡ ራሳቸውን ገድለው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ይህን ስንኝ በዝግታ እንመልከተው። ንጉሥ የሚል ቃል የለበትም። አፄም፣ ጃንሆይም የለም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የሞተው «ወንድ አንድ ሰው» ነው፤ ይህም ማለት በዚያ አምባ ላይ ከነበረው ወንድ ሁሉ ወንድ የሚባለው አንዱ ብቻ ነበር ማለት ነው። አልቃሿ የምታከብረው ዘውዱን አይደለም፤ አሟሟቱን ነው። ለንጉሡ የቀረበው ውዳሴ ለቀሩት ነቀፋ ሆኖ በአንድ ስንኝ ውስጥ ተቀምጧል። ግሡንም ያስተውሉ፦ «ሞተ» እንጂ «ሞቱ» አላለችም። በአማርኛ ጌታ «አንቱ» ይባላል፤ እግዚአብሔርና ጀግና ግን «አንተ» ይባላሉ። በፉከራ፣ በቀረርቶና በሙሾ ውስጥ አንድ ገዢ ከአንቱ ወደ አንተ ሲሻገር ክብሩ ወርዶ ሳይሆን በሌላ ዓይን እየታየ እንደሆነ ይወቁ። የትኛው ሰው በየትኛው ቦታ አንቱታን እንደሚተው መመዝገብ በእኔ ግምት የአማርኛ ምንጮችን ለሚያነብ ሰው ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ ነው፤ ይህ ልዩነት ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋም፣ በትርጉም ብቻ የሚሠሩ አጥኚዎች አያገኙትም።

ይሁንና ግጥሙ መቼ እንደተገጠመ አይናገርም። በቀብሩ ሰሞን ሊሆን ይችላል፤ ከዓመታት በኋላም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «በ1860 ሕዝቡ እንዲህ አለ» ብለው አይጻፉ፤ «ከሞታቸው በኋላ በሕዝብ ዘንድ ሲነገር የኖረው ግጥም እንዲህ ይላል» ብለው ይጻፉ። የስንኙን ልዩ ልዩ አባባሎች ሁሉ ከነነጋሪው ዕድሜና አገር ይመዝግቡ፤ «ትክክለኛውን» ለመምረጥ አይቸኩሉ።

ስለ ኮሶውም የሚተረክ አለ። ደጃዝማች ወንድይራድ ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብለው ፎክረው ነበር፤ ተሸንፈው ሲማረኩ ካሣ፣ «እናቴ ዛሬ ገበያ ስላልቀናት ይህ ተረፋት» ብለው ኮሶ አጠጧቸው ይባላል። ነገሩ ቃል በቃል ሆኖ ይሁን አይሁን ለዚህ ጥናት ዋናው አይደለም። ዋናው፣ ተራኪው የሚስቀው በማን ላይ ነው የሚለው ነው። በመኳንንቱ አፍ ስድብ የነበረው ቃል በዚህ ተረክ ውስጥ የድል ምልክት ሆኗል፤ ይህን ታሪክ በደስታ የሚተርክ ሰው በትውልድ የመጣ ሥልጣንን በትግል ከተገኘው አሳንሶ ያያል። በ20ኛው መቶ ዘመን የቴአትርና የልብ ወለድ ደራሲያን ቴዎድሮስን ከፍ ሲያደርጉ የያዙት ይህንኑ ክር ነበር።

ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ ስለ ሩቅ ንጉሥ ብቻ ሳይሆን በቅርብ ስለሚያውቁት ጭቃ ሹም፣ ባላባትና ወረዳ ገዢ ይጠይቁ፤ ለአብዛኛው ገበሬ የሥልጣን ፊት ያ ነበርና። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሜን ሸዋ አንድ አዛውንት ስለ ቀድሞ የአካባቢያቸው ገዢ ሲነግሩኝ መቅጃው መደቡ ላይ ነበር። «ደግ ሰው ነበሩ፤ ያዝዛሉ፣ ይሰማሉ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። መቅጃውን አጥፍቼ ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አባታቸው በየበዓሉ ወደዚያ ግቢ ማር ይዘው ሲሄዱ በር ላይ ቆመው ይውሉ እንደነበር ነገሩኝ፤ «አንድ ቀን ማሩን ተቀብሎ ስሙን እንኳ አልጠየቀውም» አሉ። «ተቀብለው» ይሉ የነበሩት አዛውንት «ተቀብሎ» አሉ። ሰውየው ከሞተ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ፍርሃቱ ግን በድምፃቸው ውስጥ ነበር፣ ምሬቱም በግሡ ውስጥ። ይህን ያለ ስም ለመጻፍ ፈቃድ ጠይቄ ሰጥተውኛል። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፤ ሁለቱንም ቃል ይመዝግቡ፤ የመጀመሪያውን ሐሰት ብለው አይጣሉት። በመቅጃ ፊት የሚባለውና በቡና ላይ የሚባለው ሁለቱም ሥልጣን እንዴት ይታይ እንደነበር ይመሰክራሉ።

የዕለት ንግግርን መመርመር

ቋንቋው ራሱ መዝገብ ነው። «ደጅ መጥናት» ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የምንለው ቃል ከግቢ በር ላይ ቆሞ ከመዋል የመጣ ነው። «ምኒልክ ይሙት»፣ «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» የሚሉት መሐላዎች የንጉሡን ሕይወት የእውነት መያዣ ያደርጋሉ። «አፈ ንጉሥ» የሚለው ሹመት ንጉሥ በገዛ አፉ ለሰው የማይናገርበትን ሥርዓት ያስታውሳል፤ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ቄስ አልቫሬዝ አፄ ልብነ ድንግል ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ቃል ይለዋወጡ እንደነበር ጽፏል። የማይታይ ንጉሥ ይፈራል፤ የተሰወረ ሞትም እንዲሁ አገር ይጠብቃል፤ የአፄ ምኒልክ ዕረፍት በ1906 ዓ.ም. ለሕዝብ ሳይነገር መቆየቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ተረትና ምሳሌ ሲጠቅሱ ደግሞ አንዱን ብቻ አይምዘዙ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን የያዘ ሰው ሕዝቡ ለሥልጣን ፍጹም ተገዢ ነበር ይላል። ያው ሕዝብ ግን መንገድ ላይ የሚደበደብ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲል እጁን የሚሰበስብ ነበር፤ ሕግ የራሱ አምላክ አለው ማለት ከገዢውም በላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ደግሞ ሹመትን ለአጭር ጊዜ እንደተከፈተ ማዕድ ያያል። ሦስቱ አይጋጩም፤ የሚነገሩበት ሰዓት ይለያያል። የመጀመሪያውን ዘመዱን ከሙግት የሚመልስ መካሪ ይለዋል፤ ሁለተኛውን ጉልበት ያጣ ሰው፤ ሦስተኛውን የሹም ሽርን ዓለም በቅርብ ያየ። ተረቶች ዘመን ስለሌላቸው ከተቻለ ዓመቱ በታወቀ አቤቱታ ወይም ደብዳቤ ውስጥ ተጠቅሰው ሲገኙ ብቻ ማስረጃ ያድርጓቸው።

ቦታ መቀየር

በመጨረሻም የያዙትን ሥዕል ይዘው ሌላ አገር ይሂዱ። ምኒልክ በሸዋና በብዙ ስፍራ «እምዬ» ይባላሉ፤ ገዢን በእናት ስም መጥራት ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል። የአገሩ ንጉሥ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በተማረኩበት በወላይታ፣ ወይም በአርሲ፣ የዚያው ንጉሥ መታሰቢያ ከጦርነትና ከጉዳት ጋር የተያያዘ ነው። አንዱን ሰምቶ ሌላውን ያልሰማ ጽሑፍ ሙሉ አይደለም፤ አንዱን ለማስተባበል ሌላውን መጠቀምም ጥናት አይደለም፤ ሁለቱም የተናገሩት ያዩትን ነገር ነበርና። በቦረና ደግሞ ጥያቄው ራሱ ይለወጣል። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፣ በጉሚ ጋዮ ጉባኤም የመሪዎች ሥራ ይመረመራል። ዕድሜ ልክ ለሚገዛ ቅቡዕ ንጉሥ የተዘጋጀ የጥያቄ ዝርዝር ይዞ ወደዚያ የሄደ ሰው የሚሰማው መልስ ለጥያቄው አይሆንም፤ መጀመሪያ «እናንተ ዘንድ መሪ መቼ ነው መሪነቱ የሚያበቃው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሐውልቶችንም በዚህ ዓይን ይመልከቱ፤ የተሠሩበትን ብቻ ሳይሆን የወረዱበትንና የተመለሱበትን ዓመት ይመዝግቡ። የምኒልክን ሐውልት ጣሊያኖች አውርደውት ነበር፣ ከድል በኋላ ተመልሶ ቆመ፤ በአዲስ አበባ የነበረው የሌኒን ሐውልት በ1983 ዓ.ም. ወርዶ አልተመለሰም።

ይህን ሁሉ ሰብስበው ለመጻፍ ሲቀመጡ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ባለቤት ይስጡት። «ቴዎድሮስ በሕዝብ የተወደዱ ንጉሥ ነበሩ» የሚለውን ይሰርዙና በቦታው ለምሳሌ እንዲህ ይበሉ፦ «ደብተራ ዘነብ፣ ንጉሡ በሥልጣን ላይ ሳሉ ሲጽፍ፣ አገር ያቀና ንጉሥ አድርጎ ያቀርባቸዋል፤ አለቃ ወልደ ማርያም ከሞታቸው በኋላ ጭካኔያቸውን ይዘረዝራል፤ በቃል የወረደው ግጥም ደግሞ ስለ አገዛዛቸው ምንም ሳይል አሟሟታቸውን ብቻ ያከብራል።» ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ ግን ማን፣ መቼ፣ ከየት ቆሞ እንዳያቸው አንባቢው በዓይኑ ያየዋል።